የጅማ ወፎች በጓሮና በረግረግ ዳር፦ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን የመለየት ሥራ ማስታወሻ

መነሻ

ቦታው ሁለት ነው። አንዱ ጓሮ፦ አቮካዶ፣ ዘይቱን፣ ሙዝ፣ ጥቂት እግር ቡና፣ አጥሩ ላይ ቦትል ብራሽ። ሌላው የቦዬ ረግረግ ዳር፦ አዌቱ ከተማውን ሰንጥቆ ወርዶ የሚገባበት፣ ክፍት ውሃ፣ ቄጠማና የከብት መዋያ ጎን ለጎን ያሉበት። ጅማ ባሕር የላትም። በአውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ የዳርቻ ወፍ ተብለው ከተመደቡት ብዙዎቹ ግን ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት እንዲህ ያለ ጭቃ ላይ ነው።

ብርቅ ወፍ ፍለጋ አይደለም። በየቀኑ ዓይናችን ሥር ያሉት፣ ዝናብ በመጣና በሄደ ቁጥር ልብሳቸውን እየቀየሩ የሚያደናግሩት ናቸው የሚመዘገቡት። ላባ ይለወጣል፤ የምንቃር ቅርጽ፣ የዓይን ቀለም፣ የጭራ አነቃነቅ ግን በአብዛኛው ባለበት ይቆያል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ቀለም ሁልጊዜ መጨረሻ ይጻፋል።

የአማርኛ ስሙ የታወቀው በአማርኛ፣ የሌለው ደግሞ በመጽሐፍና በመተግበሪያ ላይ በሚገኝበት የእንግሊዝኛ ስሙ ይመዘገባል።

ዕቃና መዝገብ

ባይኖኩላር 8 በ42 (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስተዋቱ ስፋት 42 ሚሊሜትር) ይበቃል። 10 እጥፍ የሚያቀርበው እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉን አብሮ ያንቀጠቅጠዋል፤ ወደ ቡና ጥላ ሥር ሲዞርም የሚያሳየው ስፋት ጠባብ ስለሆነ ወፏን አግኝቶ መከተል ያስቸግራል። ብዙ ሰው ሳያስተካክለው ነው የሚጠቀመው። ቀኙን ዓይን ጨፍኑ፤ በግራው ብቻ የአንድ ቅጠል ጠርዝ ጥርት እስኪል መሐሉን ጎማ አዙሩ። ከዚያ ግራውን ጨፍኑና መሐሉን ሳትነኩ በቀኙ ዓይን መያዣ ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ አስተካክሉ። ቀለበቱ የቆመበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት፤ ቦርሳ ውስጥ ሲተሻሽ ይዞራልና። መነጽር የሚያደርግ ሰው የዓይን ላስቲኩን ወደ ታች ማጠፍ አለበት፤ አለበለዚያ የሚታየው ክብ ጠቦ ይቀራል።

የጅማ ክረምት ለመስተዋት ጠላት ነው። እርጥበቱ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው ደግሞ ሽፋኑን በልቶት ሲሄድ አይታይም። ባይኖኩላሩ ከዝናብ ሲመለስ ቦርሳው ውስጥ መተው የለበትም። አየር ላይ ይደር፤ ከዚያ አጥብቆ በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን ከሚወጡት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር ይቀመጥ። ሩዝ የሚጠቀም ካለ በጨርቅ ቋጥሮ ያድርገው፤ ዱቄቱ መጋጠሚያው ውስጥ ይገባል። ጭቃ የነካውን መስተዋት በደረቁ መጥረግ በአሸዋ መፈተግ ነው፤ መጀመሪያ እፍ ይባላል።

የመዝገቡ አምዶች፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ወፉ የቆመበት ነገር፣ መጠን፣ ምንቃር፣ እግር፣ ጭራ፣ ድምፅ፣ ቀለም፣ ብዛት፣ እርግጠኝነት። እርግጠኝነቱ በሦስት ፊደል ነው፦ ሀ ሁለት የማይለወጡ ምልክቶች ታይተዋል፣ ለ አንድ ብቻ፣ ሐ ግምት። ሐ የተጻፈበት ወደ ኢበርድ፣ ማለትም ወፍ ተመልካቾች ያዩትን ወደሚያስገቡበት የኢንተርኔት መዝገብ፣ አይላክም፤ ወይም ዝርያው ሳይጠቀስ በወገኑ ስም ብቻ ይላካል።

መጠን በሴንቲሜትር አይገመትም። ከድንቢጥ ያንሳል፣ በድንቢጥና በእርግብ መካከል ነው፣ ቁራ ያክላል ማለት ይሻላል። በጉም ውስጥ ሁሉም ወፍ ትልቅ መስሎ ይታያል።

ሰዓትና ቀን ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ከወፍ መለየት የባሰ ነው። ጧት 12፡30 የታየ ወፍ ኢበርድ ላይ 6፡30 ተብሎ ነው የሚገባው፤ በእኛ ሰዓት ከተጻፈ ቀትር ይሆናል፣ ኤ.ኤም. ተብሎ ከገባም እኩለ ሌሊት ይሆናል። መስከረም 1 በፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ግን 12። መዝገቡ ላይ ሁለቱንም ቀን መጻፍ ከራስ ምታት ያድናል።

መስከረም፣ ጓሮ

ሸማኔ ወፎች ገና የሠርግ ልብሳቸውን አላወለቁም፤ ስለዚህ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ወር የለም። በመንጋ የሚሠራው ቪሌጅ ዊቨር ነው፤ አንድ ዛፍ ላይ ጎጆው ይንዠረገጋል፣ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። የወንዱ ራስ ጥቁር፣ ዓይኑ ቀይ። ባግላፌክት ዊቨር ግን ጥንድ ጥንዱን ለብቻው ይኖራል፤ ዓይኑ ፈዛዛ ቢጫ፣ ግንባሩ ቢጫ፣ ጥቁሩ እንደ ጭንብል ዓይኑ ዙሪያ ብቻ ነው። አሁን ዓይኑን ለምዶ መያዝ ያስፈልጋል። ታኅሣሥ ላይ ጥቁሩ ሁሉ ሲጠፋ የጎልማሳውን ወንድ የሚለየው ያው ቀይና ያው ቢጫ ዓይን ነውና። የዘንድሮ ጫጩት ዓይኑ ቡናማ ስለሆነ በዚህ አይለይም፤ ለ ተብሎ ይለፍ።

ሣር ላይ ምንቃሩን እየሰካ ትል የሚለቅመው ጥቁር ትልቅ ወፍ ሁለት ዓይነት ነው። ዋትልድ አይቢስ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ የትም የለም፤ ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ሥጋ ይንጠለጠላል፣ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ ሰሌዳ ያወጣል። ሃዳዳ አይቢስ ነጭ ሰሌዳ የለውም፤ በምንቃሩ ጀርባ ላይ ቀይ መስመር፣ ጉንጩ ላይ ፈዛዛ መስመር አለው፣ ክንፉ በፀሐይ አረንጓዴና ሐምራዊ ይላል። ደመና ሲሆን ይህ ሁሉ ውበት ጠፍቶ ሁለቱም ጥላሸት ይመስላሉ። እስኪነሡ መጠበቅ ነው። ማባረር አያስፈልግም፤ ውሻ ያባርርላችኋል።

ቁራ ሁሉ ቁራ አይደለም። ማጅራቱ ላይ ነጭ፣ ምንቃሩ የመጥረቢያ ያህል ወፍራም ከሆነ ቲክ ቢልድ ሬቨን ነው፤ ደረቱና አንገቱ ነጭ ከሆነ ፓይድ ክሮው።

ጥቅምት፣ ቦዬ

ከዓመቱ ሁሉ ከባዱ ወር። ከሰሜን የመጡት ጭቃው ላይ ተበትነዋል፤ ሁሉም ከላይ ቡናማ፣ ከታች ነጭ፣ እግረ ቀጭን። ሦስቱን ከለዩ ሌላው ቀስ በቀስ ይመጣል።

ኮመን ሳንድፓይፐር፦ ቂጡን ያለ ዕረፍት ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዛል። የደረቱ ቡናማ ከክንፉ ጋር በሚገናኝበት ትከሻው ላይ ነጭ ሽብልቅ ይገባል። ሲበር ውሃውን ታክኮ፣ ክንፉን ወደ ታች አጠፍ አድርጎ በአጭር በአጭሩ ይርገበገባል። ከጭራው በላይ ነጭ የለውም።

ግሪን ሳንድፓይፐር፦ ብዙ ጊዜ ብቻውን፣ ቦይና የወንዝ ጥግ ይወዳል፤ ከቦዬ ይልቅ አዌቱ ዳር፣ የአትክልት መስኖ አጠገብ ፈልጉት። ከላይ ወደ ጥቁር ያደላል። ሲነሣ ከጭራው በላይ ቦግ ያለ ነጭ ይታያል፤ የክንፉ ሆድ ደግሞ ጥቁር ነው።

ዉድ ሳንድፓይፐር፦ ክፍት ረግረግ ላይ፣ ተራርቀውም ቢሆን በቡድን። ጀርባው በነጠብጣብ የተሞላ፣ ከዓይኑ በላይ ግልጽ ነጭ ቅንድብ፣ እግሩ ቢጫማ። እሱም ከጭራው በላይ ነጭ አለው፤ ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው። የክንፉ ሆድ ግን ፈዛዛ ነው፤ ሲበር እግሩ ከጭራው አልፎ ይወጣል፤ ድምፁም ቺፍ-ቺፍ-ቺፍ የሚል ፈጣን ድርድር ነው።

በተግባር የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ከብት ይመጣል፣ ወፉ ይነሣል፣ የሚታየው ለሁለት ሰኮንድ ጀርባው ብቻ ነው። ነጭ ካዩ ወዲያው ዓይንን ወደ ክንፉ ሆድ መወርወር ያስፈልጋል። ይህን ላለመርሳት አንድ ሰው ባይኖኩላር ይያዝ፣ ሌላው ይጻፍ፤ ተመልካቹ ያየውን በቃሉ ይናገር እንጂ ዓይኑን ወደ ወረቀት አያውርድ። ወፉ ያረፈበትን ቦታ ሳይስቱ መቅረብም አለ፤ ዘንበል ብሎ መሄድ እንጂ ቀጥታ ማምራት አይቻልም። ጧት ፀሐይ ከጀርባ እንድትሆን ከምሥራቁ ጠርዝ ጀምሩ፤ ፊት ለፊት ከሆነች ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው።

ነዋሪው ትሪ ባንድድ ፕሎቨር ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር ቀበቶ፣ ዓይኑ ዙሪያ ቀይ ቀለበት አለው፤ ዓመቱን ሙሉ ስላለ መጠን ለማወዳደር ይጠቅማል።

ቄጠማ ለበዓል የታጨደበት ጥግ በዚህ ወር ትልቅ ዕድል ነው። ተደብቀው የሚውሉት፣ በተለይ ምንቃሩ ቢጫ እግሩ ቀይ የሆነው ጥቁሩ ብላክ ክሬክ፣ ከታጨደውና ካልታጨደው ድንበር ላይ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ድንበሩን ብቻ ተመልከቱ፤ መሐሉ ባዶ ነው።

ከከብቱ እግር ሥር የሚሯሯጠው ቢጫ ወፍ የሎው ዋግቴል ነው፤ ጀርባው አረንጓዴማ፣ እግሩ ጥቁር። የራሱ ቀለም ከመንጋ መንጋ ይለያያል፣ በሱ አትጨነቁ። ድንጋያማ ወንዝ ላይ ብቻውን፣ ጀርባው ግራጫ፣ ጭራው በጣም ረጅም፣ እግሩ ፈዛዛ ከሆነ ግሬይ ዋግቴል ነው።

ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ቡና ጥላ ሥር

ቡና ለቀማው ላይ ሰው ስለሚበዛ ሥራው ከጧቱ 12፡30 እስከ 2 ሰዓት ይጠናቀቃል። የጥላ ዛፍ ያለው ቡና ከሰሜን ለሚመጡት ትናንሽ ነፍሳት በል ወፎች ቤት ነው፤ ግን እጅግ ያደክማሉ፣ ስለዚህ ሁለት ብቻ ይያዙ። ቺፍቻፍ እግሩ ጥቁር ነው፣ ጭራውን ደጋግሞ ወደ ታች ይነቀንቃል። ዊሎው ዋርብለር እግሩ ፈዛዛ፣ ክንፉ ረዘም ያለ፣ ጭራውን እምብዛም አይነቀንቅም። እግሩ ካልታየ? ሐ ጻፉና እለፉ፤ በቅጠል ውስጥ ከሚርመሰመስ ወፍ ጋር ግማሽ ሰዓት መታገል ዋጋ የለውም። ብላክካፕ ይቀላል፦ ወንዱ ጥቁር ቆብ፣ ሴቷ ቡናማ ቆብ።

አቆጣጠሩ በነጥብ ነው። አንድ ቦታ ቆሞ 2 ደቂቃ ዝም ማለት፣ ከዚያ 10 ደቂቃ እስከ 25 ሜትር ያለውን ብቻ መቁጠር፣ ቀጥሎ ቢያንስ 150 ሜትር መራመድ። ርቀቱ ካነሰ ያው ወፍ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ጮክ ያለው ሁሌም ብዙ ይመስላል፤ ነጩን ጉንጭና ቀዩን ክንፍ የያዘው ዋይት ቺክድ ቱራኮ አንድ ጥንዱ ብቻውን ጫካውን ሞልቶ ያስጮኸዋል።

ወፍ ለይቶ የሚነግረው የስልክ መተግበሪያ መርሊን በድምፅ የሚሰጠው መልስ ጥቆማ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ስሙን ካወጣ በኋላ ወፉ በዓይን ካልታየ ለ አይሰጠውም።

ጥር፣ ሰማይ ላይ

ሰማዩ ጥርት ስላለ አዳኞች የሚታዩበት ወር ነው። ጫጩት ነጣቂው ጭላት ጭራው ሹካ ነው፤ ሲዞር ጭራውን እንደ መሪ ያጣምመዋል። ነዋሪው የሎው ቢልድ ካይት ጎልማሳ ሲሆን ምንቃሩ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ነው። ምንቃሩ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ግን ከሩቅ የመጣው ብላክ ካይት ነው አይባልም፤ የነዋሪው ልጅም ምንቃሩ ጥቁር ነው። ጎልማሳው ብላክ ካይት ራሱ ፈዘዝ ብሎ ግራጫማ ነው።

ቄራ አካባቢ የሚሰበሰበው ትንሹ ጥምብ አንሳ ሁድድ ቫልቸር ነው፦ ምንቃሩ ቀጭን፣ ፊቱ ራቁቱን፤ ሲቆጣ ወይም ሲሻማ ነጣ ያለው ፊቱ በአንዴ ይቀላል። በየቀኑ ስለምናየው ተራ ይመስላል እንጂ በዓለም አቀፉ መዝገብ በእጅጉ ለመጥፋት ከተቃረቡት ውስጥ ነው። ብዛቱ በጥንቃቄ ይመዝገብ፤ ጣራ ላይ ያረፈውን ለብቻ፣ የሚበረውን ለብቻ።

ማታ ቦዬ። ዘውዳማው ብላክ ክራውንድ ክሬን በበጋ እህል ከተነሣበት ማሳ ውሎ ለማደር ይመለሳል። ወርቃማ ዘውድ፣ ጉንጩ ከላይ ነጭ ከታች ቀይ። ዘንድሮ የተፈለፈለው ራሱ ቡናማ፣ ዘውዱ አጭር ነው፤ ቁጥሩ ለብቻ ይያዝ። ከ10፡30 በኋላ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሲመጡ መቁጠር ነው፤ ከ200 ሜትር ወዲህ አይቀረብም። አንዴ ከተነሡ ማደሪያቸውን ለውጠው ይሄዳሉ፣ ቆጠራውም ከንቱ ይሆናል። መንጋው ከበዛ አሥር ወፍ የሚይዘውን ስፋት በዓይን ለኩና በዚያ ስፋት እየዘለላችሁ ቁጠሩ።

የካቲትና መጋቢት፣ ጓሮ

ቦትል ብራሹና ኮርቹ ሲያብቡ ሰንበርዶች ይመጣሉ። ስካርሌት ቼስትድ ወንዱ ጥቁር፣ ደረቱ እሳት። ቫሪያብል ወንዱ ደረቱ ሐምራዊ፣ ሆዱ ቢጫ። ታካዜ ሰንበርድ ጭራው መሐል ሁለት ረጅም ላባ አለው፤ በጥላ ጥቁር፣ በፀሐይ ወይን ጠጅ። ሴቶቹ ላይ ነው ጉዱ። የቫሪያብል ሴት ከታች ንጹሕ ቢጫማ ናት፣ አንድ ነጠብጣብ የላትም። የስካርሌት ቼስትድ ሴት ጥቁር ቡናማ፣ ሆዷ የተዥጎረጎረ። የታካዜዋ ግራጫ፣ ከምንቃሯ ወደ አንገቷ ፈዛዛ መስመር ያላት። ጥንዱ አብሮ እስኪታይ መጠበቅ አይታመንም፤ አንድ አበባ ላይ ሦስቱም ይሻማሉ።

ውሃ ማስቀመጥ በዚህ ወር ከምግብ ይበልጣል። ሰፊ የሸክላ ሳህን፣ ጥልቀቱ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር፣ መሐሉ ላይ ወጣ ያለ ድንጋይ፤ ከቁጥቋጦ 2 ሜትር ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ከዚያ ቢቀርብ ድመት ትሸምቃለች፣ ቢርቅ ወፉ ለመሸሽ ይቸገራል። ውሃው በየቀኑ ይለወጥ፤ አረንጓዴ ከያዘ በብሩሽ ይፈተግ። ሳሙና አይግባበት። የበሰለ ፓፓያ ግማሹ ተሰቅሎ ቢቀመጥ ጭራው ከገላው የሚበልጠው ስፔክልድ ማውስበርድ ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል፤ ሌላውን አባርሮ የሚበላው ግን ቡልቡሉ ነው።

ሾላ ሲያፈራ ሥሩ ተቀመጡ። የሲልቨሪ ቺክድ ሆርንቢል ክንፍ ሳይታይ ይሰማል። ወንዱ ምንቃሩ ላይ የተቆለለው ቆብ ትልቅ ነው፣ የሴቷ ትንሽ። ወንዱ ብቻ ፍሬ ተሸክሞ ወደ አንድ የግንድ ቀዳዳ ከተመላለሰ ሴቷ ውስጥ ታሽጋ ተቀምጣለች ማለት ነው፤ ቦታው ይመዝገብ፣ ለሰው ግን አይነገር። አረንጓዴው በቀቀን፣ ብላክ ዊንግድ ላቭበርድ፣ ግንባሩ ቀይ ከሆነ ጎልማሳ ወንድ ነው፤ ካልሆነ ሴት ወይም ልጅ ስለሚሆን ጾታው ባዶ ይተው።

ሚያዝያና ግንቦት

ሳቢሳዎች። ነጭ ስለሆኑ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ከከብት ጋር የሚሄደው ካትል ኢግሬት ምንቃሩ ቢጫ ነው፤ በእርባታ ወቅት ራሱ፣ ደረቱና ጀርባው ወርቃማ ይሆናል፣ እግሩም ይቀላል። ሊትል ኢግሬት ምንቃሩና እግሩ ጥቁር፣ ጣቶቹ ቢጫ። ቦዬ ላይ ጣቱ በጭቃ ስለሚሸፈን ቢጫው አይታይም፤ ውሃ ውስጥ ረግጦ እስኪወጣ ይጠበቅ። ትላልቆቹን ሁለቱን የሚለየው የአፍ ስንጥቅ ነው፦ መስመሩ ከዓይን ሥር ካቆመ ኢንተርሚዲየት፣ ከዓይን አልፎ ወደ ኋላ ከሄደ ግሬት ኢግሬት። ለዚህ ወፉ በጎን መቆም አለበት።

ዝናቡን ተከትሎ ሦስት ድምፅ እየወረደ የሚደጋግመው፣ ቀኑን ሙሉ ሳይታይ የሚጮኸው ሬድ ቼስትድ ኩኩ ነው። ለሱ ብቻ በድምፅ ሀ መስጠት ይፈቀዳል። የአብዲም ሽመላም በዚሁ ሰሞን ነው፤ ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ ፊቱ ሰማያዊ። አንገቱ ነጭ እንደ ባዘቶ የሆነው ሌላ ነው፣ ዉሊኔክ ስቶርክ።

ሐምሌና ነሐሴ

ሰው ቤቱ ሲገባ ሣሩ ውስጥ ያለው ይደምቃል። በበጋ ድንቢጥ መስሎ ያለፈው የሎው ቢሾፕ አሁን ጥቁር ከል ላይ ቢጫ ትከሻና ቢጫ ወገብ አውጥቷል። ቢጫ ትከሻው በበጋም አይጠፋም፤ ክንፉ ሲከደን ይሸፈናል እንጂ። ጭራ ረጅሙ ፒን ቴልድ ዋይዳህ ምንቃሩ ቀይ ነው፤ ጭራውን በበጋ ሲጥል በምንቃሩ ይያዛል። ጎጆ አይሠራም፤ እንቁላሉን ዋክስቢል የሚባሉት ትናንሽ ወፎች ጎጆ ውስጥ ስለሚጥል ዋክስቢል በሌለበት አይፈለግም።

በዚህ ወር መንገዱ ጭቃ፣ ቦዬም ሞልቶ ዳሩ ተውጧል። ጭቃ የሌለበት ቦታ ላይ ዳርቻ ወፍ የለም፤ ጊዜ አታባክኑ። የአዌቱ ጥግና ውሃ ያቆረ የእግር ኳስ ሜዳ ይሻላል። ነሐሴ ላይ ግሪን ሳንድፓይፐር ከታየ ያለ ጊዜው አይደለም፤ ጎልማሶቹ ቀድመው ይመለሳሉ፣ የክንፋቸው ላባ ጠርዙ ተበልቶ ያረጀ ነው። የዘንድሮ ልጆች ዘግይተው ይደርሳሉ፤ ላባቸው አዲስ፣ ጠርዙ ላይ እኩል የተደረደረ ፈዛዛ ነጥብ ያለው። ቀኑና የላባው ሁኔታ አንድ ላይ ካልተጻፈ ማን መቼ እንደገባ መለየት አይቻልም።